ቤተሰብን በብርድ ሌሊት ለአደጋ የማጋለጫ መመሪያ

ይህ መመሪያ የተጻፈው ማንም እንዳይከተለው ነው። ምክሮቹ ግን የፈጠራ አይደሉም፤ ሰዎች በቡና ላይ፣ በስልክ፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ለሚወዱት ሰው ከልባቸው የሚሰጧቸው ናቸው። የምጽፈው በተለይ ዳላስና ሂውስተን ዙሪያ ለሚኖሩ ወገኖቼ ነው። ሙቀት በለመደ አገር ስለ ብርድ የሚታሰበው ብርዱ ከገባ በኋላ ነውና።

እንግዲህ ቤተሰብዎን ለአደጋ ማጋለጥ ከፈለጉ በመጀመሪያ ምንም አያዘጋጁ። «ይህ ቴክሳስ ነው፣ ምን በረዶ አለ» ይበሉ። መብራት ሲጠፋም «አሁን ይመጣል» ብለው ይቀመጡ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 ብዙ ሰው እንዲሁ ብሎ ነበር። በ15ኛው ቀን፣ ገና እኩለ ሌሊት እንዳለፈ፣ የቴክሳስ የኤሌክትሪክ መረብ ጨርሶ እንዳይወድቅ ተብሎ መብራት መቆረጥ ጀመረ። በየተራ ጠፍቶ በየተራ ይመጣል የተባለው መብራት ለብዙ ቤት ሳይመጣ ቀናት አለፉ። የቴክሳስ መረብ ከቀሩት ግዛቶች ጋር እምብዛም ስለማይገናኝ ከጎረቤት በቂ ኃይል መበደር አልተቻለም። ከ4.5 ሚሊዮን በላይ ቤቶችና ድርጅቶች ጨለሙ። በማግስቱ ዳላስ ከዜሮ በታች 19 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደረሰች። የግዛቱ ጤና መሥሪያ ቤት በኋላ የመዘገበው የሟቾች ቁጥር 246 ነው፤ አብዛኞቹን የገደለው ብርዱ ራሱ ነው።

ብርድ እንደሚገድል ስለምናውቅ ወደ እሳት እንሮጣለን። ሁለተኛው ምክር የሚመጣውም እዚህ ላይ ነው፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ከሰሉን ውጭ አያይዙት፣ እስኪነድ ይጠብቁ፣ ቀይ ፍም ሲሆን ወደ ቤት ያስገቡት። «ፍም ከሆነ ጭስ የለውም፣ ጭስ ከሌለው ጉዳት የለውም።» አገር ቤት ስንት ዘመን በከሰል ሞቀን ኖረን የለ?

ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፣ ያስላል፣ ሰው በር እንዲከፍት ያስገድዳል። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ጉሮሮም አይከረክርም። ቀልቶ ጸጥ ያለው ፍም ይህን ጋዝ ማውጣቱን አያቆምም፤ አመድ ለብሶ የጠፋ ሲመስልም ያወጣል። ጋዙ ወደ ሳንባ ሲገባ ደማችን ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ይቀማል፤ ከኦክሲጅን ይልቅ 200 ጊዜ በላቀ ኃይል ይጣበቅበታልና። ሰውየው አየር እየሳበ፣ ደረቱ ከፍ ዝቅ እያለ፣ አንጎሉ ይራባል። የተኛ ከሆነ ራስ ምታቱ እንኳ አይቀሰቅሰውም።

አገር ቤት ሳር ክዳኑ ያስተነፍሳል፤ በቆርቆሮውና በግድግዳው መካከልም ንፋስ ይገባል። ብዙዎቻችን የተረፍነው ቤታችን ስላፈሰ ነው። በሩን ዘግቶ ከሰል አጠገቡ አድርጎ የተኛውንማ አዲስ አበባም ውስጥ ጠዋት በሩ ተሰብሮ ነው የሚያገኙት። የአሜሪካ ቤት ደግሞ ሙቀት እንዳያመልጥ ሆን ተብሎ የተደፈነ ነው። መስኮቱ ድርብ መስታወት ነው፣ የበሩ ጠርዝ ጎማ አለው። እዚያ ያመለጡበትን ልማድ እዚህ ይዘውት ከመጡ አያመልጡም።

ከሰሉን ካልፈለጉ መኪናዎን ጋራዥ ውስጥ አስነስተው ልጆቹን ከኋላ ያስቀምጡ፤ ሙቀቱም አለ፣ ስልክም ይሞላል። «የጋራዡን በር ትንሽ ከፈት ማድረግ በቂ ነው» ይበሉ። በቂ አይደለም። ጋዙ በጋራዡና በሳሎኑ መካከል ባለው በርና በግድግዳው ክፍተት ወደ ቤት ይገባል፣ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ይቆያል። በዚያ ፌብሩዋሪ ሂውስተን ውስጥ በዚህ መንገድ ከሞቱት መካከል የእኛው አገር ሰዎች ነበሩ። ያደረጉት ማንኛውም ወላጅ በዚያ ሌሊት ሊያደርገው የሚችለውን ነው፤ ልጆቻቸው እንዳይበርዳቸው ፈለጉ። ይህን ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል፤ አስቀድሞ በቋንቋቸው የነገራቸው ሰው ቢኖር ኖሮ እላለሁ። መኪና ውስጥ መሞቅ ግድ ከሆነ መኪናው ሙሉ በሙሉ ደጅ ይውጣ፣ የጭስ ማውጫውም በረዶ እንዳልደፈነው ይታይ።

ጄኔሬተር ያለውም ሰው መሳሳት ከፈለገ በረንዳ ላይ መስኮት ሥር ማቆም ይችላል። ከቤቱ ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ፣ ጭሱ ከበርና ከመስኮት ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞሮ መቆም ያለበት ነገር ነው።

ቀጥሎ ቤተሰቡ ሁሉ ራሱን ሲያመው «ብርዱ ነው፣ ጉንፋን ነው፣ ተኙበት» ይበሉ። ያቅለሸለሸውን ወተት ያጠጡት። ወተት ደም ውስጥ የተጣበቀን ጋዝ አያስለቅቅም። ጉንፋን ሁሉንም በአንድ ሰዓት አይጥልም፣ ደጅ ሲወጡም ቀለል አይልም፤ ጋዙ ግን እንዲህ ያደርጋል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰው በላይ ከያዘ ሁሉም ሰው አሁኑኑ ወደ ውጭ ይውጣ፣ ከዚያ 911 ይደወል። መድኃኒቱ ሐኪም ቤት የሚሰጠው ኦክሲጅን ነው። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም በየፎቁና መኝታ ክፍል አጠገብ ማድረግ ለአንድ እራት ግብዣ ከምናወጣው ያነሰ ገንዘብ ይጠይቃል። የጭስ አላርም ይህን ጋዝ አይለይም፤ ጣሪያ ላይ ያለችውን ነጭ ክብ ነገር አይታችሁ «አለን» አትበሉ፣ የተጻፈባትን አንብቡ።

ያለ እሳትም መሞቅ ይቻላል። ቤተሰቡ በአንድ ትንሽ ክፍል ይሰብሰብ፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ ይሸፈን፣ ከበሩ ሥር ፎጣ ይጠቅጠቅ፣ ጋቢው፣ ካፖርቱ፣ ካልሲው ይደራረብ። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ መንገዱ በረዶ ከመያዙ በፊት መብራት ወዳለበት ዘመድ ቤት መሄድ ነው። ሰው ማስቸገር የሚለውን ይሉኝታ ለሌላ ቀን እንተወው።

ስለ ውሃ አጠር ላድርገው። ቧንቧ ሲፈነዳ ዋናው መዝጊያ የት እንዳለ በዚያን ጊዜ መፈለግ ይጀምሩ፤ ጣሪያው እስኪወርድ ጊዜ አለዎት። ቴክሳስ ውስጥ መዝጊያው ብዙ ጊዜ መንገዱ ዳር መሬት ውስጥ በተቀበረ ሣጥን፣ ከቆጣሪው ጋር ነው፤ ክዳኑ በረዶ ከለበሰ አይታይም፣ ለመዝጋትም ልዩ ቁልፍ ሊያስፈልግ ይችላል። ስለዚህ ፀሐይ ባለበት ቀን ከፍታችሁ እዩት። በብርዱ ሌሊት ቧንቧው በቀጭኑ ይንጠባጠብ፣ የሲንኩ ሥር ቁም ሣጥን ይከፈት፣ መታጠቢያ ገንዳው ውሃ ይሞላ። የቀዘቀዘ ቧንቧ በእሳት አይሞቅም።

የመጨረሻው ስህተት ከአገር ቤት የመጡ እናትዎን «እርስዎ አይጨነቁ፣ እኛ አለን» ብሎ ምንም ሳይነግሩ ወደ ሥራ መሄድ ነው። ቀን ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ብቻቸውን የሚሆኑት እሳቸው ናቸው፤ ከሰል ማቀጣጠልም ከሁላችን የበለጠ ያውቃሉ። ለምን ወደ ቤት እንደማይገባ በአክብሮት ቁጭ ብሎ ማስረዳት የልጅ ሥራ ነው። የቤቱን አድራሻ በትልቁ ጽፈው ስልኩ አጠገብ ይለጥፉላቸው፤ እሳቸው እንግሊዝኛ ባያነቡ ልጁ ያነብላቸዋል። 911 ደውለው «አምሃሪክ» ይበሉ፤ በብዙ ቦታ አስተርጓሚ በስልክ ይገባላቸዋል። እስኪገባ ድረስ መስመሩ ዝም ሊል ስለሚችል ተቋረጠ ብለው እንዳይዘጉት ደጋግመው ይንገሯቸው፣ ዛሬ ማታም ጮክ ብላችሁ አብራችሁ ተለማመዱት።