የወፍ በሽታ አልያዘኝም

ኖርዊች፣ እንግሊዝ አገር

ለተከበሩ ጋሼ፣

እኔ ከብርዱና ከቤት ኪራዩ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

ስልኩን ትቼ ወረቀት የያዝኩት ነገሩ የተበላሸው በስልክ ስለሆነ ነው። ባለፈው እሑድ ከእናቴ ጋር ስናወራ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ «ልጅሽን እኮ የወፍ ነገር ይዞታል» አልኳት። እሷ የሰማችው «የወፍ በሽታ» ነው። «ዐይንህ ቢጫ ሆኗል?» ብላ ጮኸች፤ መስመሩም ተቋረጠ። እህቴ እንደጻፈችልኝ ከሆነ እናቴ ያን ዕለት ለኪዳነ ምሕረት ስለት ገብታለች፤ በማግስቱ መድኃኒት ዐዋቂ ዘንድ ሄዳ ሥር አስወቅጣለች፤ አሁን ወደዚህ የሚመጣ ሰው እያፈላለገች ነው። ጋሼ፣ ይድረሱልኝ። ጉበቴ ደህና ነው። የያዘኝ ወፍ ማየት ነው።

«ወፍ ማየት ደግሞ ምን የሚሉት ሥራ ነው?» እንደሚሉ ዐውቃለሁ። እኔም ብያለሁ። ከመጀመሪያው ልንገርዎ።

ጠዋት ጠዋት ቤታቸው እየሄድኩ የምረዳቸው አንድ ሽማግሌ አሉ። ዕድሜያቸው 80 አልፏል፤ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ካልሲ አለብሳቸዋለሁ፣ ቁርስ እሠራለሁ፣ ክኒናቸውን እቆጥራለሁ። ጉልበታቸው ከድቷቸዋል፤ ዐይናቸው ግን የጭልፊት ነው። ወታደር የሚይዘው ዓይነት የሩቅ መነጽር ከአንገታቸው ስለማይወርድ የፈረስ ስም አውጥቼላቸዋለሁ፤ አባ መነጽር። ትርጉሙን ስነግራቸው ደስ ብሏቸው በፖስታ ሳጥናቸው ላይ ሊጽፉት ነበር።

አንድ ዓርብ «ነገ ወፍ ለማየት ትወስደኛለህ?» አሉኝ። እኔ የመሰለኝ ዶሮ እርባታ ነው። እንቁላል በርካሽ እገዛለሁ ብዬ ዘንቢል ይዤ፣ ብርዱን ፈርቼ የመጋዘን ሥራ ስሠራ የተረፈኝን ብርቱካንማ ጃኬት ደርቤ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት በራቸው ላይ ተገኘሁ። ጃኬቱን አይተው ምንም አላሉም። እንግሊዝ ምንም ካላለ ይፍሩ።

የሄድነው ክላይ ወደሚባል የባሕር ዳር ረግረግ ነው። ቦታው ከ1926 ጀምሮ ለወፍ ተብሎ ተገዝቶ የተከለለ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፍልዎ)። ያስቡት ጋሼ፤ እኛ መሬት ከወፍ ስንጠብቅ እነሱ መሬት ለወፍ ይገዛሉ። በሸምበቆው መካከል የእንጨት ጎጆ ተሠርቷል፤ ውስጡ አግዳሚ ወንበር፣ በፊት ለፊቱ ጠባብ መስኮት አለው። ስድስት አረጋውያን በተርታ ተቀምጠዋል። አይነጋገሩም። ቅዳሴ ላይ እንኳ ሰው ያስላል፤ እዚያ ሳል የለም። እኔ ቁጭ ብዬ ግራ ቀኙን ሳይ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ቦታው ማማ ነው! ቆላ ማሽላዎ ውስጥ በአራት እንጨት ላይ የሠሩልኝ፣ ወንጭፍ ይዤ ከጎሕ እስከ ጀንበር መጥለቂያ የምቀመጥበት ማማ! ልዩነቱ ያን ጊዜ እንቅልፍ ሲወስደኝ አለንጋ ነበረብኝ፤ እዚህ ደግሞ ለመቀመጫው ይከፈላል።

በዚያን ቀን ተነሥቼ እግሬን ሳፍታታ ብርቱካንማው ጃኬት በመስኮቱ ታየና ዳክዬው ሁሉ ብን ብሎ ሄደ። ስድስቱም ዞረው አዩኝ። አንዲት ሴትዮ በሹክሹክታ «ይቅርታ» አለችኝ። እዚህ አገር ስድብ እንዲህ ነው የሚባለው። ከዚያ ወዲህ ጭቃ የመሰለ ጃኬት ገዝቻለሁ።

እነዚህ ሰዎች ያዩትን ወፍ ይመዘግባሉ። በዓለም ላይ ከ10,000 በላይ የወፍ ዝርያ አለ ይላሉ፤ አባ መነጽር በዘመናቸው ሕንድ፣ ፔሩ፣ ማዳጋስካር፣ አውስትራሊያ ዞረው ከአራት ሺህ በላይ አይተዋል። ቤታቸው ጣሪያው ያፈሳል። «ለምን አያስጠግኑትም?» ብላቸው «ፓፑዋ ኒው ጊኒ ሄጄበት ነው» አሉኝ። የሚገርመው፣ ምዝገባው ላይ ምስክር የለም፣ ማኅተም የለም። አየሁ ካለ አየ ነው። በእኛ አገር ቢሆን ቀበሌ ደብዳቤ ይጠይቅ ነበር።

እሳቸው ግን ከሌሎቹ አንጻር ጨዋ ናቸው። ፊቢ ስኔትሲንገር የምትባል አሜሪካዊት ነበረች። በ1981 ሐኪሞች የቆዳ ካንሰር ይዞሻል፣ ዕድሜሽ ከዓመት አይዘልም አሏት። እኛ ብንሆን ንስሐ አባት እንጠራለን፤ እሷ ወፍ ለማየት አላስካ ሄደች። አልሞተችም። ዓለምን እየዞረች ከ8,000 በላይ ዝርያ ካየች በኋላ በ1999 ማዳጋስካር ውስጥ የተሳፈረችበት መኪና ተገልብጦ ሞተች። ካንሰር ሲጠበቅ መኪና ቀደመ! በ2015 ደግሞ ኖኅ ስትራይከር የሚባል ጎልማሳ በአንድ ዓመት ብቻ 6,042 ዝርያ አየ። ሌላውን ትተው፣ በአንድ ዓመት ስንት ቪዛ ማለት ነው? እኔ ለአንዱ ሰባት ዓመት ጠብቄያለሁ።

አንዲት ወፍ መንገድ ስታ የመጣች እንደሆነ ደግሞ አይጣል ነው። በ1989 በብርዱ ወራት፣ መዳፍ የምታህል ባለ ወርቅ ክንፍ የአሜሪካ ወፍ ነፋስ አምጥቶ ኬንት በሚባለው አውራጃ አንድ ሱፐርማርኬት አጠገብ ጣላት። ወሬው ሲሰማ በሺህ የሚቆጠር ሰው ከየአገሩ ተጠራርቶ የገበያተኛውን መኪና ማቆሚያ አጥለቀለቀው። አባ መነጽርም ነበሩ። «ሦስት ሰኮንድ አየኋት» ይላሉ፤ ዐይናቸው እንባ ያቀርራል። ለሚስታቸው ሞት እንዲህ ሲያቀርሩ አላየሁም።

በእኔ ዘመን የሄድንበት ግን አልሰመረም። አንድ ብርቅ ወፍ ታየ ተብሎ አምስት ሰዓት ነዳሁ። ስንደርስ ሰዎቹ አንገታቸውን ደፍተው መነጽራቸውን እየከተቱ ነው። ያን ጊዜ አንድ አበሻ ጓደኛዬ ደውሎ «እንዴት ሆነ?» ሲለኝ «ወፍ የለም» አልኩት። ጋሼ፣ ይህን ቃል ዕድሜዬን ሁሉ ስለ ሥራ፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ሚስት ስናገረው ኖሬያለሁ፤ ወፍ ስለሌለ ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። አባ መነጽር ትርጉሙን ጠይቀውኝ አሁን ኤሌክትሪክ ሲጠፋም፣ ወተት ሲያልቅም «ወፍ የለም» ይላሉ።

አሁን ወደ ውርደቴ ልምጣ። ስኔቲሻም የሚባል የባሕር ዳር አለ። የባሕሩ ሙላት ከፍ በሚልባቸው ቀኖች ጎሕ ሲቀድ ውሃው ጭቃውን እየበላ ሲመጣ፣ ከግሪንላንድና ከካናዳ በረዶ አገር የመጡ ትናንሽ ግራጫ ወፎች በአስር ሺዎች እየሆኑ ወደ ዳር ይገፋሉ። እግራቸው እስኪነካካ ተጨናንቀው ጭቃው ላይ ይቆማሉ፤ ከሩቅ ሲያዩዋቸው ወፍ አይመስሉም፣ የተሰጣ ጤፍ ይመስላሉ። አርባ ያህል ሰው በዝምታ ቆሟል። ብርዱ ጥርስ ያፋጫል። በድንገት ሁሉም ባንድ ላይ ተነሡ። መጀመሪያ የክንፋቸው ነፋስ እንደ ዝናብ ሹ ሲል ተሰማ፤ ቀጥሎ ሰማዩ ላይ ጠቆሩ፤ ባንድ ጊዜ ሲታጠፉ ሆዳቸው ነጭ ሆኖ በራ፤ እንደገና ጠቆሩ። ከዚያ እንደ ነጠላ ተዘርግተው ወደ እኛ መጡ።

ጋሼ፣ እጄ ሳላዘው ወገቤን ዳበሰ። ወንጭፍ የለም። ጉሮሮዬ ግን የት ይሄዳል? «ሃያ! ሃያ! ውረድ ከማሽላው! ሃያ!» ብዬ ስጮኽ አርባው ሰው ባንድ ላይ ክው አለ። ሁለት እጄንም ሳጨበጭብ ነበር አሉ፤ እኔ አላስታውስም። ከዚያ በኋላ የሰማሁት «ይቅርታ» ብዛቱ! አባ መነጽር ብቻ ሣር ላይ ተቀምጠው እስኪያነቡ ሳቁ። እውነት ለመናገር ካነሣኋቸው በኋላም እስከ መኪናው ድረስ ይስቁ ነበር።

መኪና ውስጥ ሻይ እየጠጣን ስለ ማማው፣ ስለ ወንጭፉና ስለ ግሪሳ ነገርኳቸው። ግሪሳን ያውቁታል! በቁጥር ከዱር ወፍ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው ይባላል። ደብተራቸውን አውጥተው «ባንድ መንጋ ስንት አይተሃል?» አሉኝ። እኛ መቼ ወፉን ቆጠርን? የቆጠርነው የተበላውን ማሽላ ነው። «ሁለት ኩንታል ተኩል» አልኳቸው። ጻፉት።

ባለፈው መስከረም ደግሞ ይዘውኝ ደቡብ ስፔን ሄዱ፤ ታሪፋ ወደሚባል ቦታ። ባሕሩ ጠቧል፤ 14 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ አፍሪካ ቁጭ ብላ ትታያለች። ሽመላውና ጭልፊቱ ከአውሮፓ ብርድ ሸሽቶ የሚሻገረው በዚያ ነው። ትልልቆቹ ወፎች ክንፋቸውን ዘርግተው የሚንሳፈፉት ከሞቀ መሬት በሚነሣ አየር ነው፤ ባሕር ላይ ያ አየር የለም፤ ስለዚህ ጠባቡን ፈልገው፣ ነፋሱ እስኪመች ቀናት ጠብቀው ነው የሚሻገሩት። ሦስት ቀን ነፋስ አገዳቸው። በየዛፉና በየኮረብታው ሲጠባበቁ አየኋቸው። ጋሼ፣ እኔ ያን መጠበቅ ዐውቀዋለሁ። ሊቢያ ዳርቻ ላይ ስድስት ሳምንት «ነገ ባሕሩ ይረጋል» ሲሉን ነበር። በአራተኛው ቀን ነፋሱ ዞረ። አንዷ ጭልፊት በራሳችን ላይ ዝቅ ብላ አለፈች፤ ሹካ የመሰለ ጭራዋን እያጣመመች፤ አዲስ አበባ ልኳንዳ ፊት ከሰው እጅ ሥጋ የምትነጥቀው የዚያችው ዘር ናት። ማንም ወረቀት አልጠየቃትም።

«ወደ እኛ አገር ነው የምትሄደው?» አልኳቸው። አይደለም፤ በዚያ የሚያልፉት አብዛኞቹ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ነው የሚሄዱት። የእኛዎቹ በምሥራቅ በኩል ነው የሚመጡት፤ በጥቅምትና በኅዳር ከየመን ተነሥተው ባብ ኤል መንደብን ተሻግረው ጅቡቲ የሚገቡ ንስሮች በሺህ ይቆጠራሉ አሉኝ። ልጆቻችን በጀልባ ወደዚያ፣ ንስሮቹ በሰማይ ወደዚህ። ይህን ስሰማ ሳንድዊቹን መብላት አልቻልኩም፤ ለነገሩ ዓሣም ነበር፣ ያውም በጾም የማልደፍረው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳይ። አባ መነጽር የሚጓዙበትን አገር ሁሉ ጨርሰው ሊያዩ የሚመኟት አንዲት ወፍ ቀርታቸዋለች። የትውልድ አገሬን ሲጠይቁኝ «አንኮበር» ብላቸው የሻይ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ዐይተሃታል?» አሉ። ማንን? በ1979 በሳይንስ መጽሔት ስሟ የወጣላት፣ በአገራችን ስም የምትጠራ፣ ገደላችን ላይ የምትኖር ትንሽ ወፍ ለካ አለችን! ሥዕሏን አሳዩኝ። ቡናማ ናት። ዝንጉርጉር ናት። ሌላ ምንም የላትም፤ ድንቢጥ ናት ቢሉኝ እሺ እላለሁ። ሃያ ዓመት ከዚያ ገደል ሥር ኖሬ አላየኋትም፤ አይቼም ከሆነ ድንጋይ ወርውሬባታለሁ። ከቤታችን በላይ ካለው ዛፍ ጎሕ ሳይቀድ እየጮኸ እናቴን የሚያስረግማት ጋጋኖም ከእኛና ከኤርትራ በቀር በዓለም ላይ የለም አሉ። በእኛ ቤት እርግማን የሚወርድበትን ወፍ ፈረንጅ ባሕር ተሻግሮ ይሳለመዋል። ነጭ ሳር ፓርክ ውስጥማ በ1990 ከካምብሪጅ የመጡ ሰዎች መንገድ ላይ መኪና የጨፈለቃት አንዲት በሌሊት የምትበር ወፍ አግኝተው ክንፏን ይዘው ሄዱ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ በአንዱ ክንፍ ብቻ አዲስ ዝርያ ተብላ ስም ወጣላት። በአንድ ክንፍ! እኛ ሙሉ ዶሮ ጠፍቶብን ማን ምን አለን?

ስለዚህ እግዚአብሔር ቢፈቅድ በመጪው ኅዳር አባ መነጽር ከእኔ ጋር እርስዎ ቤት እንግዳ ይሆናሉ። አንዳንድ ነገር አስቀድሜ ላስታውቅ። ሰላምታ እየሰጧቸው ዐይናቸውን ወደ ዛፍ ቢያነሱ ንቀት አይደለም። በጉን ጠዋት አይረዱ፤ ጠዋት ገደል ላይ ነው የሚገኙት። «ምን ጠፍቷቸው ነው?» ብሎ መንደሩ ሲሰበሰብ ወርቅ ፍለጋ እንዳይባል፤ ባለፈው ጉድጓድ የቆፈሩትን ሰዎች ያስታውሳሉ። ወፈፌ ናቸው የሚል ካለ ግን አይከራከሩት። ለእናቴም መድኃኒቱን ለሌላ በሽተኛ እንድትሰጥ፣ ስለቱን ግን እኔ ራሴ መጥቼ እንደማስገባ ይንገሩልኝ።

ሌላው፣ ማማው ላይ መውጣት ይፈልጋሉ፤ እንጨቱን ከወዲሁ ያጠናክሩልኝ። ወንጭፍም ተማርኩ ሳይሉ አይመለሱም። እሺ ብለው ያስተምሯቸው፤ ፊታቸውን ግን ወደ ሜዳው ያዙሩልኝ። ያቺ ቡናማ ወፍ በገደሉ በኩል ናት።

ወፍ ጠባቂዎ የነበርኩት፣
የወንድምዎ ልጅ