አቶ አንዲፋይንድ

ማተሚያ ቤቶች ውስጥ «ስክሪፕት ልጻፍለት» የሚባል በሽታ ገብቷል። ሰነፍ ዲዛይነር አይዘውም፤ ጎበዝ መርጦ ነው የሚጥለው።

አንድ ድርጅት ለ300 ሠልጣኞቹ ሰርተፍኬት ያዛል እንበል። ቴምፕሌቱ ኢንዲዛይን ላይ አልቋል፤ የቀረው ስምና ቀን ማስገባት ነው። ለዚህ ሶፍትዌሩ ራሱ «ዴታ መርጅ» የሚባል መላ አለው፤ የኤክሴሉን ዝርዝር ሲኤስቪ አድርገው ሲሰጡት በየሰዉ ስም ገጹን እያባዛ ያወጣል። ጎበዙ ግን ይህ ክብሩን ይነካዋል። እዚያው «ዩቲሊቲስ» የሚለው ሜኑ ውስጥ «ስክሪፕትስ» የሚል ሌላ በር አለ፤ ዴታ መርጅን ገልመጥ አድርጎ በዚያ ይገባል።

የገባበት ቤት ደግሞ አሮጌ ነው። ኢንዲዛይን ለረጅም ዘመን የኖረበት ኤክስቴንድስክሪፕት የሚባለው የስክሪፕት ቋንቋ መሠረቱ በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው የጃቫስክሪፕት ደረጃ ነው፤ በእኛ 1992 መሆኑ ነው። ልጁ ቻትጂፒቲን ጠይቆ የዘንድሮን ኮድ ይለጥፋል። ሶፍትዌሩ ሦስተኛው መስመር ላይ ገትሮ ይይዘዋል። እሱን ሲያስተካክል ሰባተኛው ላይ። አለቃው መጥተው «ምን እየሠራህ ነው?» ሲሉት «ሥራ እያቀለልኩ ነው» ይላል። ይህን የሚለው በሁለተኛው ቀን ነው። የድሮ ቴምፕሌት ከሆነማ ጉዱ ሌላ ነው፤ ከዩኒኮድ በፊት በነበረ የግዕዝ ፎንት የተተየበ «ስም» ለዓይን አማርኛ ይምሰል እንጂ ከሥሩ የላቲን ምልክት ነው። ስክሪፕቱ ቀኑን ሙሉ ቢፈልገው አያገኘውም።

በመጨረሻ ይሠራል። አቤት ፍጥነቱ! 300ው ገጽ ሲዥጎደጎድ አለቃ ይጠራል፣ ጸሐፊዋ ትጠራለች፣ ሻይ ያመጣውም ልጅ ቆሞ ያያል። ደስታው የሚቆየው ጸሐፊዋ ጎንበስ ብላ እስክታነብ ነው።

በዝርዝሩ የአያት ስም አምድ የጎደለበት ሠልጣኝ ሁሉ አንድ አያት ወጥቶለታል፦ አንዲፋይንድ። ጃቫስክሪፕት የሌለ ነገር ሲጠየቅ «የለም» ብሎ ዝም አይልም፤ «አንዲፋይንድ» (ያልተገለጸ) የምትል ቃሉን ከስሙ ጋር ገጥሞ፣ በሚያምር ፎንት፣ ከወርቃማው መስመር በላይ ያሳርፋታል። ቀኑ ደግሞ ይብሳል። ጎበዙ ለወራት ስም የተጠቀመው የፈረንጅ ኮድ ነው፤ ጃንዋሪ የነበረውን መስከረም፣ ፌብሩዋሪን ጥቅምት እያለ 12ቱን ሞልቶ እፎይ ብሏል። ሥልጠናው ያለቀው ግን ጳጉሜን 3 ነው። ጃቫስክሪፕት ከዜሮ ስለሚቆጥር 13ኛውን ወር ቁጥር 12 ላይ ሄዶ ይፈልገዋል፣ ባዶ ነው። ስለዚህ በ13 ወር ጸጋዋ በምትኮራ አገር 300 ሰው «አንዲፋይንድ 3 ቀን» ተመርቋል።

አለቃው ሁሉንም ገጽ በዓይን እያዩ እንዲያርሙ ሦስት ሰው ይመድባሉ። ጎበዙ አይመደብም፤ እሱ ስህተት የሚፈልግ ሌላ ስክሪፕት መጻፍ ጀምሯል።

በዚህ መሃል ስልክ ይጮኻል። ደንበኛው ነው፤ ሁለት ሠልጣኝ ረስተን ነበር ይላል። ጸሐፊዋ አንዱን ገጽ ኮፒ አድርጋ ሁለቱንም ስም በእጇ ትተይባለች። አያቶቻቸውን ስልክ ላይ ጠይቃ።