ተረበኛ ያጣች መርከብ

ጓደኛችን መርከብ ሊሠራ ነው። ከካርቶን። ዕቃው ተቆራርጦ፣ ተቆጥሮ በሳጥን ከፖላንድ መጣለት። የእሱ ድርሻ መገጣጠም፣ የእኛ ድርሻ ቡናው እስኪፈላ እሱን መበታተን።

«ማንን ነው የምትሠራው?»

«አለርትን።»

«እሱማ ተሠርቶ አልቋል፤ ሄደህ ታከምበት እንጂ!»

«ሆስፒታሉን አላልኩም! እ.ኤ.አ. በ1777 ባሕር የገባች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ናት። ምሰሶዋ አንድ ብቻ ስለሆነ ለጀማሪ ትሻላለች።»

«ለአንተ እንኳን ምሰሶ ወጋግራም ይበዛብሃል።»

መጠኗ 1 ለ96 ነው አለን። በዚህ ስሌት ቁመቱ 1 ሜትር ከ75 የሆነ ባሕረኛ 18 ሚሊ ሜትር ይሆናል። «የእኔ ደመወዝ ሳይካፈልም እዚያው ነው» አልኩት።

ጡረተኛው ጎረቤታችን ጋሼ ወንበራቸውን ሳብ አደረጉ። «የባሕር በር በሌለው አገር መርከብ ምን ይሠራልሃል?»

«ስዊዘርላንድም እኮ የላትም፣ ጋሼ። ግን እ.ኤ.አ. በ2003 አሊንጊ የሚባለው ቡድኗ ኒውዚላንድ ድረስ ሄዶ፣ የአሜሪካ ካፕ የሚባለውን የሸራ ጀልባ ዋንጫ ከባለቤቶቹ እጅ ነጥቆ ተመልሷል።»

«እነሱማ ባንክ አላቸው። ባሕር ቢያምራቸው ይገዛሉ።»

«እሺ፣ ለምን እንደ ሰው በእንጨት አልሠራህም?» አልኩት እኔ።

«እንጨት ሲበላሽ ወጪ ነው፤ ካርቶን ሲበላሽ የጫማ ካርቶን አለ። ፖላንዶች እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ የሚቆረጥ የሚጣበቀውን በመጽሔት እያተሙ ስንቱን ልጅ ሞዴል ሠሪ አድርገውታል።»

«እኛም መጽሔት ሥራ አላስፈታንም፤ ቆሎ እንጠቀልልበታለን።»

እማማ፣ እናቱ፣ ሳጥኑን ከፍተው ካርቶኑን ዳሰሱት። «ይሄ የመሰለ ካርቶን ለሰርግ ጥሪ አይሆንም?»

«መርከቧ ትለቅና እማዬ።»

«ኖኅ እንኳን ቀድሞ አግብቶ፣ ወልዶ፣ ልጆቹንም ድሮ ነው መርከቡ ውስጥ የገባው።»

መልስ አልነበረውም። ወሬ ለማስቀየስ የአለርትን ታሪክ አመጣ፦ በሰኔ 1778 ኩረር የምትባል የፈረንሳይ መርከብ ማረከች፤ በሐምሌ ደግሞ ራሷ በፈረንሳዮች ተማረከች። ጋሼ ፊታቸውን ሳይፈቱ፣ «ማርኮ በወሩ መማረክን እኛም እናውቀዋለን፤ ትዳር ይባላል» አሉ። እማማ ይህን ሲሰሙ ሁለተኛውን ስኒ ዘለሏቸው።

ሥራው ተጀመረ። አከርካሪው ጠረጴዛ ላይ ቆመ፤ የጎድን አጥንቶቹ በየስንጥቁ ተሰኩ። ጠርዛቸው በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፤ ያ ካልሆነ ኋላ ላይ የሚለብሰው ስስ ካርቶን ጎብጦ ያጋልጣቸዋል። ካርቶን ሲቆረጥ ጠርዙ ነጭ ሆኖ ስለሚያሳብቅ ደግሞ በውሃ ቀለም ይነካካል። «ሽበትህንም በዚያው አዳርሰው» አልኩት። ቀና ሳይል፣ «ለአንተ መላጣ የሚሆን ግን ሳጥኑ ውስጥ የለም» አለኝ። ይህችን ቆጥሬለታለሁ።

ኮላውን በስቲኪኒ ጫፍ ብቻ እየነካ ነው የሚቀባው።

«ምነው ቆጠብክ? ኮላም ተወደደ?»

«ሲበዛ ካርቶኑ ይርሳል፤ ከራሰ ያብጣል።»

«ውሃ የምትፈራ መርከብ ነው በለና!»

የምሰሶውን ገመድ ለማዘጋጀት ክሩን በሰም ያሸው ጀመር፤ ጭገሩ እንዲተኛ ነው። እማማ ከጓዳ ብቅ ብለው አዩትና ፊታቸው በራ። «ተመስገን፤ አሁን ቁም ነገር ያዘ። ጧፍ ሊሠራ ነው!»

ጋሼ ግን፣ «እንዲህ ቁጭ ብሎ መርከብ የሚለቅም እስረኛ ነው» አሉ።

«እውነትዎን ነው። በናፖሊዮን ጦርነት እንግሊዝ አገር የታሰሩ ፈረንሳዮች ከምግባቸው የተረፈውን የበሬና የበግ አጥንት እየፋቁ መርከብ ይሠሩና ይሸጡ ነበር። ዛሬ ሥራቸው ሙዚየም ተቀምጧል።»

«እኛ የጋጥነው ቅልጥም ለመርከብ የሚሆን አያስተርፍም።»

ዋናውን ጥያቄ ለመጨረሻ ያቆየሁት እኔ ነኝ። «ለመሆኑ ትንሳፈፋለች?»

«አትንሳፈፍም።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀና ቫሳን አመጣብን። የስዊድን ንጉሥ ጉስታቭ አዶልፍ ያሠራት፣ በተቀረጸ ምስል ያሸበረቀች፣ 64 መድፍ የጫነች የእውነት የባሉጥ እንጨት መርከብ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 10 ቀን 1628 ከስቶክሆልም ተነሳች፤ 1,300 ሜትር ያህል ሄደች፤ ነፋስ ገፋ ሲያደርጋት አዘነበለች፤ በተከፈተው የመድፍ መስኮት ውሃ ገባና ሰመጠች። የወጣችው በ1961 ነው። «የእኔ መርከብ እንሳፈፋለሁ ብላ ማንንም አላታለለችም» አለ።

ይህችን ዋጥናት። እኔ ግን የያዝኩት ሌላውን ነው። ቫሳ ከመነሳቷ በፊት ተፈትናለች፦ 30 ሰዎች ከወለሏ ጎን ወደ ጎን እንዲሮጡ ተደረገ፤ ክፉኛ ስትናወጥ ሩጫውን አስቆሙት። ንጉሡ ጦር ሜዳ ሆኖ ቶሎ በሉ ይል ስለነበር፣ ላይዋ ከብዷል፣ ሆዷ ቀሏል ብሎ ደፍሮ የሚያስቀር አልተገኘም። ይህ ሁሉ አናጢ፣ አድሚራል፣ ጠራቢ ሲሰበሰብ አንድ ተረበኛ ጠፋ! የእኛ ሰፈር ሰው ወደቡ ላይ ቢኖር፣ «ይቺ መርከብ ሳትጠጣ ሰክራለች» ብሎ ገና ከገመዷ ሳትፈታ ያስቀራት ነበር።

የካርቶኗ ዕድለኛ ናት። እማማ ረከቦቱን ሊያነሱ ጎንበስ ብለው ባንድ ዓይናቸው አዩዋት። «ልጄ፣ ወገቧ ጠሟል።»

«እማዬ፣ የመርከብ ነገር ደግሞ…»

«የመርከብ አላውቅም። ጠማማ ግን አሳድጌያለሁ።»

ማስመሪያ አስጠግቶ ለካ። እውነትም አከርካሪው ወደ ግራ ተጣሟል። ደግነቱ ሁሉንም ነገር አስቀድሞ ያለ ኮላ እየሰካ ነው የሚሞክረው፤ አጥንቶቹ ተነቅለው ወጡ፤ አከርካሪው እስኪቃና ከወፍራም መዝገበ ቃላት ሥር ገባ። የንጉሡ አናጢዎች እንዲህ ያለ ዕድል አላገኙም፤ ባሉጡ አንዴ ከተመታ አይነቀልም፣ ንጉሥም አንዴ ካዘዘ አይታረምም።

ጋሼ ግን በዋዛ የሚለቁ አይደሉም። «እሺ፣ ቀና እንበል። ምን ልትጭንባት ነው?»

«መድፎቿን ነዋ።»

«ተው፤ መድፍ አብዝተህ እንደ ስዊድኖቹ እንዳታሰጥማት!»

«አይስጉ ጋሼ። የእናንተን ምላስ የቻለች መርከብ መድፍ አይከብዳትም።»