ኤክሴል እያለ ካልኩሌተር

የመሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል ብትገቡ ስክሪኑ ላይ ኤክሴል ተከፍቶ፣ ከኪቦርዱ ጎን ትልቅ ካልኩሌተር ተጋድሞ ታያላችሁ። ባለሙያው ስክሪኑ ላይ ያለውን ቁጥር አንድ በአንድ እያየ ካልኩሌተሩ ላይ ይደምራል፤ ድምሩን መልሶ ኤክሴሉ ላይ ይጽፋል። ከዚያ፣ ሰው ይሳሳታልና፣ እንደገና ይደምራል። «ፎርሙላው'ኮ ራሱ ይሠራው ነበር» ብትሉት፣ «ኮምፒውተር ይታመናል ብለህ ነው?» ይላል። ይኸው ሰንጠረዥ ታትሞና ማኅተም አርፎበት አለቃ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ግን የሚጠራጠረው የለም። «ከኤክሴል የወጣ ነው» ከተባለ አለቀ።

ፎርሙላ የሚያውቁትስ? የእነሱ ጣጣ ቀን ነው። ኤክሴል የእኛን ዘመን አቆጣጠር አያውቅም። ኅዳር 5ን 5/3/2016 ብለው ሲጽፉለት የፈረንጅ ቀን መስሎት ዝም ብሎ ይቀበላል። ጥቅምት 30 ላይ ግን ይገግማል፤ ፌብሩዋሪ መች 30 ቀን ኖሮት ያውቃል! ስለዚህ 30/2/2016ን እንደ ተራ ጽሑፍ ይቆጥራትና፣ በቀን ቅደም ተከተል ደርድር ሲሉት ከሁሉም በታች ይወረውራታል። የጥቅምት መጨረሻ ክፍያ ከሰኔ በኋላ የተከፈለ መስሎ ቁጭ ይላል። ጳጉሜን 5ማ ኮምፒውተሩ በአሜሪካ አጻጻፍ የተሞላ ከሆነ 5/13 ተብላ ሜይ 13 ሆና ታርፋለች። አሥራ ሦስት ወር ፀሐይ ያለን ለቱሪስት ነው እንጂ ለኤክሴል አይደለም።

ፈረንጆቹም ቢሆኑ አልዳኑም። በ2020 እንግሊዝ ውስጥ የኮሮና ምርመራ ውጤት በአሮጌው የኤክሴል ፋይል ሲጠራቀም፣ ፋይሉ ከ65,536 መስመር በላይ አልይዝ ብሎ 15,841 በሽተኞች ከዕለታዊው ቁጥር ቀርተው ነበር። እኛ ይህ አያሰጋንም፤ መስመር ሳይሞላ አዲስ ፋይል እንከፍታለን፦ «ፋይናል»፣ «ፋይናል 2»፣ «አለቃ ያዩት ፋይናል»።

ከሁሉ የሚከፋው የሰንጠረዡ ቀለም ነው። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፤ ማብራሪያ የሚባል ነገር የለውም። ቀዩ ያልተከፈለ መሆኑን ኦዲተሩም ይገምታል። ቢጫው ግን ምሥጢር ነው፤ ምሥጢሩን የሚያውቁት ሰውዬ ደግሞ ሥራ ከለቀቁ ቆይተዋል። ቢቸግር ስልክ ይደወልላቸዋል።

«ጋሼ፣ ያ ቢጫው ምንድን ነበር?»

«ቢጫው? እኔም ስረከበው ቢጫ ነበር።»