«ከነ ውሃው ከነ መብራቱ»፦ በቦንጋ ከተማ ሁሉን አካታች ኪራይ ላይ የተደረገ ጥናት

፩. የጥናቱ መነሻ

ቦንጋ ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ደን በከበበው ኮረብታ ላይ የተቀመጠች የካፋ ዞን ከተማ ናት። ስለ አካባቢዋ ሊቃውንት ብዙ ደክመዋል። ኦስትሪያዊው ፍሪድሪሽ ቢበር በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ መጥቶ ስለ ካፋ ሕዝብና ነገሥታት ሁለት ጥራዝ ጽፏል። ደኑን ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዝግቦታል። ለቡናው ብሔራዊ ሙዚየም ቆሞለታል። የቦንጋ በግ ሳይቀር በዝርያው ተለይቶ፣ ተመዝኖና ተለክቶ ምርምር ተሠርቶበታል።

ተከራዩ ግን አልተለካም። በየጓሮው፣ ከእንሰቱና ከቡናው ተክል አጠገብ በተደረደሩት ሰርቪስ ቤቶች ውስጥ የሚኖረው ይህ ፍጡር ከበጉ በኋላ ተራ ቢጠብቅም እስካሁን የደረሰለት የለም። ጥናቱ ይህን ክፍተት ለመሙላት ተነሥቶ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል፦ «ውሃና መብራት ይጨምራል» ተብሎ የተከራየ ክፍል እውነተኛ ዋጋው ምንድን ነው?

፪. የጥናቱ ዘዴ

ናሙናውን የመረጠው ደላላ ነው። መስፈርቱም ከኮሚሽኑ በቀር ግልጽ አልነበረም። መረጃው የተሰበሰበው በተሳታፊ ምልከታ፣ ማለትም አጥኚው እዚያው እየኖረ ነው። ይህ ዘዴ የተመረጠው ከሌሎች ስለሚበልጥ ሳይሆን በአጥኚው ደመወዝ ሌላ ቤት ስላልተገኘ ነው። የተጠኚዎቹን ክብር ለመጠበቅ ሲባል የማንም ስም አልተጠቀሰም። አከራይቷ «እትዬ»፣ ተከራዩ «ቲቸር» ተብለዋል፤ ተከራዩ የወረዳ ሒሳብ ሠራተኛ ቢሆንም እትዬ ደብተር የያዘን ሰው ሁሉ ቲቸር ስለሚሉ ለውጥ አያመጣም።

፫. ታሪካዊ ዳራ

የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በ2014 ዓ.ም. ሲመሠረት መቀመጫውን ለቦንጋ፣ ለሚዛን አማን፣ ለተርጫና ለቴፒ አከፋፈለ። ዋና ከተማነት ራሱ በደባልነት የተያዘበት ክልል መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። የፖለቲካና የአስተዳደሩ ክፍል ለቦንጋ ደረሳት። ቢሮ ሲከፈት ሠራተኛ ይመጣል፤ ሠራተኛ ቀን ቀን በቢሮ ቢውልም ማታ የሚገባበት ይፈልጋል። ትናንት ጆንያና የተሰበረ ወንበር ይቀመጥበት የነበረው ክፍል በዚህ ምክንያት ታጠበ፤ አምፖል ተንጠለጠለለት፤ «ፀዳ ያለች ክፍል» ተባለ።

የቲቸር የኪራይ ታሪክ የሚጀምረው ግን ከዚያ በፊት፣ በዩኒቨርሲቲ ዶርም ነው። ዶርም የአገሪቱ ትልቁ ሁሉን አካታች የጋራ ቤት ሲሆን አከራዩም መንግሥት ነው። አልጋ፣ ምግብ፣ ውሃና መብራት አብረው ይቀርባሉ። ዋጋቸው ደግሞ በደንብ መሠረት ወጪ መጋራት ተብሎ በተማሪው ስም ይመዘገባል፤ የምግቡና የማደሪያው ሙሉ ወጪ ከትምህርቱ ወጪ ቢያንስ 15 በመቶ ጋር። ተማሪው ፎርሙን ሳያነብ በየዓመቱ ይፈርማል። ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ ይያዝ የነበረው 22 ብር በ2017 ዓ.ም. ወደ 100 ብር ሲያድግ ሽሮው የተሰማው ለውጥ መኖር አለመኖሩ ለብቻው መጠናት ያለበት ርዕስ ነው።

ለዚህ ጥናት የሚጠቅመው ነጥብ ሌላ ነው። መንግሥት ዶርሙ ምንም ቢሆን ለእያንዳንዱ ነገር ዋጋ ጽፎበታል። ዕዳው ስንት እንደሆነ ይታወቃል፤ ይከፈላል፤ ይከራከሩበታልም። ቲቸር ይህን ዕዳ ተሸክሞ ወደ እትዬ ግቢ ሲገባ አዲሱ ውል አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበረው፦ «ሁሉም በውስጡ ነው፣ ልጄ።»

፬. ግኝቶች

፬.፩ መብራት

የግቢው ቆጣሪ አንድ ሲሆን የተሰቀለውም ከእትዬ ሳሎን መስኮት ፊት ለፊት ነው። በላዩ አንዲት ቀይ ነጥብ አለች፤ ኤሌክትሪክ በተወሰደ ቁጥር ብልጭ ትላለች። አምፖል ብቻ ሲበራ ቀስ ብላ፣ ስቶቭ ሲሰካ እንደ ደነገጠ ሰው ዓይን ቶሎ ቶሎ። እትዬ ፊደል ባይቆጥሩም ይህችን ነጥብ አቀላጥፈው ያነባሉ። ነጥቧ ስትፈጥን ነጠላቸውን አጣፍተው ይወጡና በተከራዮቹ በሮች ፊት በዝግታ ይራመዳሉ። «ማነው የሰካው?» ብለው አይጠይቁም። «ዛሬ ደግሞ ምን ሸተተኝ?» ይላሉ፤ ለማንም ሳይሆን ለግቢው።

ተከራዩም ዘዴ አላጣም። ቦንጋ ከዓመቱ አብዛኛውን ወር ይዘንባል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ደግሞ የዕንቁላል ጥብስ ድምፅ አይሰማም። የግቢው ተከራዮች እራት የሚበሉበት ሰዓት በረሃብ ሳይሆን በደመና የሚወሰነው ለዚህ ነው።

የሒሳብ ማጣሪያ እንደሚከተለው ቀርቧል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። ባለ 10 ዋት አምፖል በየማታው 5 ሰዓት ቢበራ፣ ምጣዱ በአንድ ሰዓት የሚፈጀውን ለመጨረስ 70 ማታ ይወስድበታል። እትዬ ቅዳሜ ቅዳሜ እንጀራ ይጋግራሉ። ሆኖም በግቢው ታሪክ «ምጣዱ ካርድ ጨረሰ» ተብሎ አያውቅም፤ ካርዱን ሁልጊዜ የሚጨርሰው የቲቸር አምፖል ነው። ማታ በበሩ ሥር ብርሃን ሲታይ ለስላሳ ድምፅ ይሰማል፦ «ቲቸር፣ አልተኛህም እንዴ? ረስተኸው እንዳይሆን ብዬ ነው።»

ከዚህ የባሰው ግኝት ከታሪፉ ይወጣል። የመኖሪያ ቤት የኤሌክትሪክ ታሪፍ በእርከን የተሠራ ነው። እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የተጠቀመ ዝቅተኛውን ዋጋ ይከፍላል፤ ከ51 እስከ 100፣ ከ101 እስከ 200፣ ከ201 እስከ 300 እያለ በሄደ ቁጥር ዋጋው ይወጣል። ስድስት ተከራይ እያንዳንዱ በወር 20፣ እትዬ ብቻቸውን 100 ቢጠቀሙ ድምሩ 220 ይሆናል። ለየብቻ ቆጣሪ ቢኖራቸው ተከራዮቹ በሙሉ በመጀመሪያው እርከን፣ እትዬ በሁለተኛው ይቀመጡ ነበር። አብረው በመኖራቸው ግን ሁሉም ተያይዘው አራተኛው እርከን ላይ ወጥተዋል። አብሮ መኖር ወጪ ይቀንሳል የሚለው የቆየ እምነት እዚህ ቆጣሪ ላይ ሲደርስ ይወድቃል።

፬.፪ ውሃ

ውሃ በውሉ ውስጥ ተካቷል፤ በቧንቧው ውስጥ መኖሩ ግን የውሉ አካል አይደለም። ቧንቧው በተራ ይመጣል። በመጣ ሌሊት ግቢው በጀሪካን ድምፅ ይነቃል፤ ቅደም ተከተሉም እትዬ፣ የእትዬ ሮቶ፣ የእትዬ በርሜል፣ ከዚያ ተከራይ ነው።

የአካባቢው ዓመታዊ ዝናብ ከ1,500 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። የግቢው ቆርቆሮ 60 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ በዓመት ቢያንስ 90 ሜትር ኩብ ወይም 4,500 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ጣሪያው ላይ ያርፋል ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ጥቂቱ በአሸንዳ ወደ በርሜል፣ ጥቂቱ በኮርኒሱ ቀዳዳ ወደ ቲቸር አልጋ ይወርዳል። ጉዳዩ ሲቀርብላቸው እትዬ «ታዲያ ውሃ ይጨምራል ብዬህ የለ?» ብለዋል። አጥኚው መልሱን በቃለ መጠይቅ መረጃነት ከመመዝገብ ሌላ አማራጭ አላገኘም።

፬.፫ ቡና

ካፋ የቡና መገኛ ነው፤ ስለዚህ በቦንጋ ግቢ ቡና በውሉ መካተቱ አይነገርም። ቡናው ከጓሮ ይለቀማል፤ ኮረሪማ ይገባበታል፤ «ቲቸር፣ ቡና!» የሚል ጥሪ ይሰማል። አልመጣም ማለት ኩራት ነው፤ ቶሎ መሄድ ንቀት ነው፤ ባዶ እጅን መምጣትም ቢሆን ይታያል። ስኳሩ ሲሟጠጥ እትዬ ረከቦቱን እያዩ «ስኳርም እኮ አለቀ» ይላሉ። ይህ የዜና ዘገባ እንጂ ጥያቄ አይደለም። በማግሥቱ ግን ከተከራዮቹ አንዱ ስኳር ገዝቶ ይገኛል።

ዋናው ክፍያ ስኳሩም አይደለም። በአቦሉ የቲቸር ደመወዝ ይጠየቃል፤ በቶናው ለምን እንዳላገባ፤ በበረካው የተጠየቀው ሁሉ ተጠናቅሮ ለጎረቤት ይቀርባል። የቡናው ዋጋ በብር ቢተመን ቲቸር ከፍሎ ዝም ማለት ይችል ነበር። ነጻ በመሆኑ ግን የሚከፍለው በወሬ ነው፤ ወሬ ሲያልቅበትም ከራሱ ይጨምራል።

፬.፬ በር

የካፋ ነገሥታት ግዛታቸውን በጥልቅ ቦይ አጥረው፣ መግቢያዎቹን በጠባቂ ያስከብሩ ነበር። የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ከተማረኩ ወዲህ ቦዩ በሣር ተሸፍኗል። ሥርዓቱ ግን አልጠፋም፤ ወደ ግቢ በር ተዛውሯል። በሩ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ይቆለፋል፤ ቁልፉ ከእትዬ ትራስ ሥር ያድራል።

እንግዶች በሦስት ይመደባሉ። እናት ከመጣች ቡና ይፈላል፤ ቲቸርም ለሳምንት ያህል «ጨዋ ልጅ» ይባላል። ወንድ ጓደኛ ከመጣ «ያድራል እንዴ?» ይባላል፤ ጥያቄው የሚመለከተው ውሃውን ነው። ሴት ጓደኛ ከመጣች እትዬ መጥረጊያ ያነሣሉ። ግቢው ጠዋት ተጠርጎ የዋለ ቢሆንም እንግዳዋ እስክትሄድ ድረስ በቲቸር በር ፊት ያለው ካሬ ደጋግሞ ይጠረጋል። በከተማው ካሉ ስፍራዎች ሁሉ ንጹሑ ይህ ካሬ ሳይሆን አይቀርም።

፬.፭ አጥሚት

አጥኚው እስከዚህ ድረስ ግኝቶቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ እንደሚሄዱ አምኖ ነበር። ተከራዩ ሲታመም ግን ሒሳቡ ይበላሻል።

ቲቸር ብርድ መትቶት በሩን እስከ ረፋድ ሳይከፍት ቢቀር የሚያንኳኳው ቢሮው አይደለም። እትዬ ናቸው። ዳማከሴ ጨምቀው፣ አጥሚት በቅቤ አፍልተው ይመጣሉ። ስቶቩንም አልጋው ሥር ያዩታል፤ አላየሁም ይላሉ። ሦስት ቀን ሙሉ ማታ መብራቱ ሲበራ ቢያድር «ረስተኸው ነው ወይ» የሚል የለም። የጎረቤት ልጅ መድኃኒት ቤት ይላካል። ለዚህ ሁሉ ደረሰኝ አይቆረጥም።

ዳግመኛም አይነሣም፤ እስከ ጭማሪው ቀን ድረስ። ያን ቀን እትዬ በበሩ ቆመው እንዲህ ይላሉ፦ «ኑሮውን እንደምታየው ነው፣ ልጄ። ሌላ ሰው ከዚህ በላይ ሲሰጠኝ፣ አይ፣ ልጄን አላስወጣም ያልኩት እኔ ነኝ።» ቲቸር የሕግ ዕውቀት አለው፤ የመከራከሪያ ነጥብም አዘጋጅቷል። ነገር ግን አፉን ሲከፍት የአጥሚቱ ጣዕም ይመጣበታል፤ «እሺ እትዬ» ብሎ ይዘጋዋል። ጥናቱ ይህን የአጥሚት ሕግ ብሎታል፦ አጥሚት የጠጣ ተከራይ ስለ ጭማሪ አይከራከርም።

፭. ውይይት

የአገሪቱ ሕግ አውጪዎች ለኪራይ እንግዳ አይደሉም። ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶችን ወርሶ ራሱ አከራይ ሆነ፤ ቀበሌ በጥቂት ብር ያከራየው ቤት ለአሥርት ዓመታት በዚያው ዋጋ ቆየ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ደግሞ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ደነገገ። ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ ያሉትን ከተሞች መወሰን ለክልሎች ተትቷል።

አዋጁ የሚቆጣጠረው ግን ብሩን ነው። በእትዬ ግቢ ብሩ ትንሹ የክፍያው ክፍል መሆኑ ከላይ ታይቷል። ዋጋ የተጻፈለትን ነገር ሰው ይገዛል ወይም ይተዋል። «በውስጡ ነው» የተባለውን ግን አልፈልግም ማለት አይቻልም፤ አነሰ ማለትም አይቻልም፤ ተከፍሎ አያልቅምም። አከራይቷም ቢሆኑ ከዚሁ ውል ነጻ አይደሉም፤ ሌሊት ለሚያስል ተከራይ ተነሥተው እሳት ማንደድ በየትኛውም አንቀጽ አልተጻፈባቸውም። ሁሉን ያካተተ ኪራይ ማለት ሁለቱም ወገን ስንት እንዳለበት የማያውቀው ዕዳ ነው።

፮. የመፍትሔ ሐሳቦች

ለኤሌክትሪክ አገልግሎት፦ ለእያንዳንዱ ክፍል የየራሱ ቆጣሪ ቢገባ ሁሉም ከአራተኛው እርከን ይወርዳል። ይህ ካልተቻለ ቢያንስ ቀይዋ ነጥብ በጨርቅ ትሸፈን።

ለሕግ አውጪው፦ በውሉ ቅጽ ላይ ስለ አጥሚት አንድ መስመር ይጨመር፤ በስንት ማንኪያ ስንት ብር ጭማሪ እንደሚፈቀድ በደንብ ይወሰን።

ለአከራዮች፦ ሴት እንግዳ ስትመጣ የሚጠረገው ካሬ ሜትር በየተራ ቢቀያየር ግቢው ሁሉ እኩል ይፀዳል።

ለተከራዮች፦ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ሊጨመር ነው የሚል ዜና በተሰማበት ሳምንት ከመታመም መቆጠብ።