ማርሚታዬን ተዉልኝ

ዘንድሮ ያልጮኸ አይከበርም፤ መኪናውም እንደ ሰዉ ሆኖ አረፈው። የሰፈሬ ጎረምሳ የቪትዙን ማርሚታ አስወልቆ ገና ጎህ ሳይቀድ እያስጓራ ሲወጣ አድናቂው ብዙ ነው። እኔ ለአሮጊቷ ላንድ ክሩዘር 80 ማርሚታ ላስቀይር ጋራዥ ብሄድ ግን ጤንነቴን ተጠራጠሩ።

"ፋዘር፣ ምን ያደርግልዎታል? ቱርቦ አይደለች እንዴ! ቆርጠን ቀጥታ ቧንቧ እንበይድልዎትና ትብረር" አለኝ ጆሮው ላይ ሽቦ የሰካ ልጅ።

ትብረር? ወዴት? የእኔ መንገድ ከቤት ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያም ለቅሶ ቤት ነው። ድንኳኑ በር ላይ እያጓራሁ ልድረስና አልቃሹን ላስደንግጥ?

ይበልጥ ያናደደኝ ከተናገረው ግማሹ እውነት መሆኑ ነው። ቱርቦን የሚያሽከረክረው ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ ነው፤ ተርባይኑን ሲያዞር ጩኸቱም በዚያው ይቀንሳል። ከተርባይኑ ወዲያ ያለው ቧንቧ ሰፋ ሲል ደግሞ ቱርቦው ቶሎ ይነሳል። ይህን ከሱ አልማርም! ከ2,300 ሜትር በላይ በተቀመጠች ከተማ፣ አየሩ በሳሳበት፣ ባለ 4.2 ሊትሩን ናፍጣ ሞተር እንጦጦ የሚያወጣልኝ ቱርቦው ነው። የቀረውን ጩኸት ግን ማን ይዋጠው? ጎረቤቴ?

ሌላው ሊቅ ከሶማሌ ተራ ከትንሽ መኪና የተፈታ ማርሚታ ይዞልኝ መጣ። "ኦርጂናል ነው!" አለ። የማን ኦርጂናል? ቧንቧው የእኔን ግማሽ አይሞላም። ቢሆንም ገጠመው። ዳገቱ ላይ አፉን በነጠላ እንደታሰረ ሯጭ እያቃሰተች፣ ጥቁር ጭሷን እየለቀቀች ቆመች። ከኋላዬ ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና ጥሩንባ ይነፋብኛል። በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠጣ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተባለ ወዲህ በዝተዋል። ማርሚታ የላቸው፣ በያጅ አያውቃቸው፤ ምን አለባቸው!

አሮጌው ለምን እንደተበላ ብጠይቅ "ሰፈር ለሰፈር ስለሚነዱ" ተባልኩ። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል አንድ ሊትር ገደማ ውሃ በእንፋሎት ይወጣዋል፤ ረጅም መንገድ ካልተሄደ ማርሚታው ሳይግል ውሃው እዚያው ይተኛና ከውስጥ ያዝገዋል። በዚህ ዕድሜዬ ለማርሚታ ጤና ስል ሐዋሳ ልመላለስ?

ቡሎኑንስ አታንሱት። ድሮ ዘይት ቀብተው ያሳድሩት ነበር። የዛሬው ልጅ ቁልፉን ሰክቶ ባንድ ጊዜ ቀጭ አደረገውና "ፋዘር፣ ተቆረጠች" አለኝ። ራሷ ተነስታ የተቆረጠች ይመስል! ባትሪውን ሳይነቅል ሊበይድ ሲልም የጮህኩት እኔው ነኝ፤ ዲናሞው ቢቃጠል "ተቃጠለች" ሊለኝ።

በመጨረሻ የቧንቧውን ስፋት በልኬት ወስዶ፣ ማንጠልጠያ ጎማውን ሳይቀር ቀይሮ የገጠመልኝ እንደ እኔው የሸበተ በያጅ ነው። ዋጋውን አልናገርም፤ ባለቤቴ አጠገቤ ናት።

አሮጌውን ለቆራሌው አወጣሁለት። ነቀነቀው፤ ዝገቱ እግሩ ላይ ረገፈ።

"አባባ፣ እኔ የምገዛው ብረት ነው" አለኝ።

"ታዲያ ይሄ ምንድነው?"

"ይሄንንማ እንድወስድልዎ እርስዎ ነዎት የሚከፍሉኝ።"