ለክቡር «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»

አሰላ፣ በአንድ ሞባይል ቤት ግድግዳ ላይ፣ ከካሽ ሬጅስተሩ ከፍ ብሎ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከስልኬ በስተቀር ደህና ነኝ። በመጨረሻ ሳይዎት በቀኝ በኩል የያዘዎት ፕላስተር ለቆ ዘመም ብለው ነበርና፣ ወድቀው እንዳይጎዱ ሐሳብ ገብቶኛል።

ራሴን ላስተዋውቅ። ከአሰላ ብዙም በማይርቅ ትምህርት ቤት 27 ዓመት ሥነ ዜጋ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ከሕገ መንግሥት ቀጥሎ አዋጅ፣ ከአዋጅ ቀጥሎ ደንብ፣ ከደንብ ቀጥሎ መመሪያ እያልኩ በሰሌዳ ላይ መሰላል ስስል ኖሬያለሁ። እርስዎን ከመሰላሉ አናት ላይ አለማስቀመጤ ድንቁርናዬ ነው። ፊርማ የለብዎት፣ ማኅተም የለብዎት፣ ቁጥርና ቀን የለብዎት፤ በቀይ የተጻፉ፣ ላስቲክ የለበሱ አንድ ገጽ ወረቀት ነዎት። እንዲያም ሆኖ እርስዎ ካሉበት ቤት አዋጅ ጫማውን አውልቆ ነው የሚገባው።

ነገሩ የጀመረው ዕቁብ የደረሰኝ ጊዜ ነው። ዓይኔ ደክሟል። የመማሪያ መጽሐፉ ታትሞ እስኪመጣ በቴሌግራም የሚላክልንን ቅጂ በድሮዋ ስልኬ ሳነብ ፊደሉ ጤፍ ሆነብኝና ሰፊ ስልክ ልግዛ አልኩ። ከእርስዎ ሥር ቆሜ ሁለት ስልክ ቀረበልኝ፤ አንዱ 6.5 ኢንች፣ ሌላው 6.8። ቁጥሩ የበለጠው የሚሰፋ መስሎኝ ሁለተኛውን መረጥኩ። ኢንቹ የሚለካው በሰያፍ፣ ከጥግ እስከ ጥግ እንደሆነ፣ ስልክ እየቀጠነ ሲረዝም ቁጥሩ ቢያድግም ፊደል የሚያርፍበት ወርድ አብሮት እንደማያድግ የገባኝ፣ በማግስቱ የባልደረባዬን ስልክ አጠገቡ አስቀምጬ በተማሪ ማስመሪያ ስለካ ነው። ስልክ የምትገዙ ሰዎች ማስመሪያ ያዙ። እያንዳንዱን በአንድ እጅ ጨብጣችሁ አውራ ጣታችሁ ማዶ መድረሱን እዩ። ባጃጅ ውስጥ ሁለተኛው እጅ ሌላ ሥራ አለው።

ካርቶኑ ላይ ደግሞ «8+8» የሚል አየሁ። «ይሄ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ሻጩ ልጅ በዙሪያው የቆሙትን ደንበኞች ቃኘት አደረገና «ጋሼ፣ አስተማሪ ነኝ አላሉም? ስምንት ሲደመር ስምንት ነዋ!» አለ። ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሁለተኛው ስምንት ከስልኩ ማከማቻ የሚቆረስ፣ ከእውነተኛው ራም እጅግ የሚዘገይ ብድር መሆኑን በኋላ ያስረዳኝ የኮምፒውተር መምህራችን ነው። ልጁ አልዋሸም። በኪስ ያለ ስምንት ብር በዱቤ ከተያዘ ስምንት ብር ጋር ሲደመር አሥራ ስድስት ነው።

24 ሺህ 500 ብር ቆጠርኩ። «ያለ ደረሰኝ ከሆነ 1 ሺህ 500 እንቀንስልዎታለን» ተባልኩ። ደረሰኝ ጠይቁ እያልኩ ያረጀሁ ሰው ነኝና እምቢ አልኩ። ካርቶኑ ውስጥ የአንድ ዓመት የዋስትና ካርድም አገኘሁ፤ «ስክሪንን፣ ባትሪን፣ ቻርጀርንና የውሃ ጉዳትን አይጨምርም» ይላል። ዋስትናው ለካርቶኑ ነው ማለት ነው።

በሦስተኛው ሌሊት ስልኩ ሥራ ጀመረ። ማንም ሳይነካው ስክሪኑ ራሱን ይጫናል፤ ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ይጽፋል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ለርዕሰ መምህራችን ደወለ። እሳቸው «ማን ሞተ?» እያሉ ሲጮኹ ነው የነቃሁት። ከዚያ በፊት ደግሞ ለእድራችን ጸሐፊ፣ ባላቸው ከሞቱ ዓመት ላልሞላቸው ሴት፣ በቴሌግራም ሦስት ቀይ ልብ ልኮ ኖሯል። ስለ ስክሪን ብልሽት የሰጠሁትን ማብራሪያ ባለቤቴ እስከ ዛሬ በጥሞና እያጤነችው ነው።

በአራተኛው ቀን ከክፍል ወጥቼ በቀጥታ ወደ እርስዎ መጣሁ። ጭላሎ ጉሙን ለብሶ፣ ብርዱ አጥንት እየሰበረ ነበር። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ረጋጭ ላም ገበያ ስትወጣ እንደምትጨምተው፣ ጨመተ። ልጁ ጫን አደረገው፣ ሠራ። ገለበጠው፣ ሠራ። ከዚያ ዓይኑ እጄ ላይ አረፈ። ጣቶቼ ነጭ ነበሩ።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ጠመኔ ነው።»

«በቃ! ጠመኔ ስክሪን ያደናግራል። እጅዎን ይታጠቡ።»

በቀልድ ያለው መስሎኝ ነበር። እሱ ግን «ውሃ አምጪ!» ብሎ ተጣራ፤ ከጓዳ አንዲት ልጅ ጆግና ሳፋ ይዛ መጣች። በአገራችን ትልቅ ሰውን ማስታጠብ ክብር ነው። ተማሪዎቼ ቤቴ ሲመጡ ጎንበስ ብለው ያስታጥቡኛል። እዚያ ግን ስድስት ሰው በተሰለፈበት፣ ኮቴን እስከ ክርኔ ሰብስቤ፣ ቀዝቃዛ ውሃ በእጄ ላይ ሲወርድ፣ ከሰዎቹ አንዱ «ከጥፍሩ ሥርም!» ሲል ሰማሁ። ሰልፉ መጨረሻ ላይ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዬ ነበረች፤ የስክሪን መለጠፊያ ልትገዛ የመጣች። እንዳላየች ለመሆን ቀና ብላ እርስዎን ታነብ ጀመር። ሦስት ቃል ብቻ ነዎት፤ ታጥቤ እስክጨርስ አልጨረሰችዎትም። እጄን የጠረግኩት ስክሪን በሚያጸዱበት ጨርቅ ነው።

አሁን የሚያሳፍረኝን ልንገርዎት፦ አመንኩት። ለቅጽበት ያህል፣ 27 ዓመት የጠመኔ ብናኝ ቆዳዬ ውስጥ ገብቶ ስልኩን ያሳበደው እኔ ነኝ ብዬ አመንኩ።

ያኔ ስልኩ፣ ማንም ሳይነካው፣ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ በራ። ስም ዝርዝሩን ከፈተና ደወለ። የመደብሩ ስልክ ጮኸ። ልጁ አንስቶ «ሄሎ?» አለ፤ ከእኔ ስልክ ውስጥ የራሱ «ሄሎ?» ወጣ። ሁለቱን ስልኮች ተራ በተራ አየና ፊቱ በራ። «ይኸው! ይደውላል እኮ፣ ጋሼ!»

ቴክኒሻኑ አዳማ ስለሄደ በሳምንቱ ይመለሱ ተባልኩ። በ11ኛው ቀን ተመለስኩ፤ ሶፍትዌር ነው ተብሎ ፎርማት ተደረገና ከነሕመሙ ተሰጠኝ። «አዲስ አበባ ተጠይቆ መልስ እስኪመጣ ይታገሱ» ተባልኩ። ታገስኩ። በ16ኛው ቀን ስመጣ ልጁ ደረሰኜን ተቀብሎ በጣቱ ቆጠረና «ጋሼ፣ ሕጉ እኮ 15 ቀን ነው የሚለው። አልፎብዎታል» አለ።

አንተ ወረቀት! ታውቁት ነበር ማለት ነው? አሥራ ስድስት ቀን ሙሉ «የተሸጠ አይመለስም» ብለህ ከላይ ስታፈጥብኝ፣ ከሥርህ የተቀመጠው ልጅ አዋጁን በቀን በቀን ይቆጥረው ነበር! ሕግ የማያውቅ ሰው ይማራል። አውቆ እጄን ያስታጠበኝን ግን ምን ልበለው? በተማሪዬ ፊት፣ በገዛ ብሬ!

ይቅርታ፣ ክቡር ሆይ። «አንተ» ማለቴን ይለፉኝ። ብርዱ ነው።

አዋጁ እንግዲህ እርስዎ የጠሉት ቁጥር 813/2006 ነው። የገዛው ዕቃ ጉድለት የተገኘበት ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ልብ ይበሉ፣ መጠየቅ ነው የሚለው፤ እኔ በአራተኛው ቀን ጠይቄያለሁ። ይኸው አዋጅ ነጋዴ ደንበኛውን በትሕትናና በአክብሮት እንዲያስተናግድ ያዛል፤ ስለ ጆግና ሳፋ የሚለው የለም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት መድን እንዲሆን ያስገድዳል። እርግጥ ነው፣ ቀለሙ አላማረኝም ብሎ ለሚመልስ ሰው ይህ ሁሉ አይሠራም። በአውሮፓ ኅብረት በኢንተርኔት የገዛ ሰው ያለ ምክንያት በ14 ቀን ውስጥ ይመልሳል። እኛ ዘንድ መብቱ የጉድለት እንጂ የሐሳብ መለወጥ አይደለም። ስልኩን ድስት ውስጥ ጥሎ «ፋብሪካው ነው» የሚል ደንበኛ እንዳለም አውቃለሁ። እኔ ግን የጣልኩት ነገር የለም፤ ከክብሬ በቀር።

አይመለስም ማለትዎ በዚህ አገር ለምን እንደሚከብድ ደግሞ ላስረዳዎት። የአርሲ ልጅ ነዎት፤ ቢያንስ ግድግዳዎ የአርሲ ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ ሄዶ፣ 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ ይመለስ ነበር። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ባርሴሎና ላይ ወርቅ ወስዳ፣ ከወለደች በኋላ በ1993 ሲድኒ ላይ ተመልሳ ደገመችው። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2016 ባትሪው የሚቃጠለውን ኖት 7 ከዓለም ዙሪያ በሚሊዮን ቁጥር መልሶ ሰበሰበ። ጣሊያን የወሰደችው የአክሱም ሐውልት እንኳ በ1997 ተመልሷል። የተዘረፈ ይመለሳል፤ የተሸጠ አይመለስም። እንዲህ ከሆነ ስልኩን ሰርቄው ቢሆን ኖሮ እስካሁን መልሼ ነበር።

ወደ አንድ ቢሮ ሄጄ አቤት እንዳልኩም ይወቁ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበሩ። መብራት አልነበረም፣ ኔትወርክ አልነበረም፤ ስለ እነሱ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ። ብቻ ጸሐፊዋ «መጀመሪያ የጠየቁበትን ቀን በጽሑፍ ይዘዋል?» ስትለኝ አፌን ያዝኩ። አልያዝኩም። በአራተኛው ቀን የያዝኩት ሳሙና ነበር።

ስለዚህ ምስጋናዬ እዚህ ላይ ነው። በ27 ዓመት ያላስተማርኩትን ትምህርት አስተምረውኛል፤ ዘንድሮ በክፍል እሰጠዋለሁ። አንባቢ ሆይ፣ አንተም ስማ፣ አንቺም ስሚ። ስልክ ስትገዙ ከሱቁ ሳትወጡ ክፈቱት፤ ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር በጣት ሂዱበት። *#06# ነክታችሁ የሚወጣውን ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። ቅናሽ ቢሏችሁም ደረሰኝ አትተዉ። ጉድለት ካያችሁ በዚያው ቀን በጽሑፍ አመልክቱ፤ ቀን ጽፈው ይፈርሙላችሁ፤ እምቢ ካሉም ምስክር ይዛችሁ ሂዱ። እጃችሁን እቤታችሁ ታጠቡ።

ስልኩ አሁንም እኔ ዘንድ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ብደውልላችሁ፣ እኔ አይደለሁም።